የፈጣሪ ሕግ በሰው እጅ፦ የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ሠፋሪዎች በአሜሪካ

ማንኛውም ሕግ ሁለት ምንጮች አሉት። አንደኛው በሕጉ መግቢያ ላይ በታላቅ ቃል የሚጠራው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሕጉን ከጻፈው እጅ በስተኋላ የቆመው ጥቅም ነው። የመጀመሪያውን ማንም ያነበዋል፤ ሁለተኛው ግን ሕጉ በገበያ፣ በሥራ ቦታ፣ በቤት ውስጥና በችሎት ፊት ሲሠራ ካልታየ በቀር አይገለጥም። በተለይም ሕጉ «ከሰማይ የወረደ ነው» ከተባለ ይህን ሁለተኛ ምንጭ ፈልጎ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ሰው የጻፈው ሕግ ቢበድል «ይሻሻል» ማለት ይቻላል፤ የፈጣሪ ነው የተባለውን ሕግ የሚነቅፍ ሰው ግን ከዳኛው ጋር ሳይሆን ከፈጣሪው ጋር እንደተጣላ ተደርጎ ይቈጠራል።

በዚህ ጽሑፋችን ይህን ጉዳይ በአንድ የታወቀ የታሪክ ምዕራፍ ላይ ተመሥርተን እንመረምራለን። ይኸውም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ ተነሥተው በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሠፈሩት ሰዎች የሃይማኖትን ትእዛዝ የአገር ሕግ አድርገው እንዴት እንደኖሩ፣ ሕጉስ በዕለት ኑሮ ማንን እንደጠቀመና ማንን እንደጐዳ የሚመለከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ደወልና ከበሮ

እንግሊዛውያን በአሜሪካ ጸንተው የቆዩበት የመጀመሪያው ሠፈር በ1607 በቨርጂኒያ የተቈረቈረው ጄምስታውን ነው። ሠፈሩን ያቋቋመው ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ትርፍ ፈላጊዎች አክሲዮን ያዋጡበት የለንደን ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ወርቅ ተስፋ ሲያደርግ የገጠመው ረኃብና በሽታ ሆነ። በ1609 መጨረሻና በ1610 መጀመሪያ በነበረው የብርድ ወራት ከ500 ያህል ሠፋሪዎች መካከል በሕይወት የተረፉት 60 ያህል ብቻ ነበሩ።

ከዚህ እልቂት በኋላ ሥልጣኑን የያዙት ቶማስ ጌትስና ቶማስ ዴል በ1610 እና በ1611 አንድ ጥብቅ ደንብ አወጡ። ደንቡ በ1612 በለንደን ሲታተም መለኮታዊ፣ ግብረ ገባዊና ወታደራዊ ሕግ የሚል ስያሜ ተሰጠው። በዚህ ደንብ መሠረት ሠፋሪው ሁሉ በሥራ ቀን በየዕለቱ ሁለት ጊዜ ደወል ሲደወል ለጸሎት መገኘት ነበረበት። አንድ ጊዜ የቀረ የዕለት ቀለቡን ያጣል፤ ሁለተኛ የቀረ ይገረፋል፤ ለሦስተኛ ጊዜ የቀረ በመርከብ ላይ ለስድስት ወር እንዲቀዝፍ ይፈረድበታል። የእሑዱን አምልኮ ለሦስተኛ ጊዜ ያስታጐለ ደግሞ ቅጣቱ ሞት ነበር።

ይኸው ደንብ ዝቅ ብሎ ስለ ሥራ ይናገራል። ሠራተኛው ጧትና ከሰዓት በኋላ ከበሮ ሲመታ ወደ ሥራው እንዲወጣ፣ ከበሮው እንደገና ሳይመታም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ያዝዛል። ትእዛዙን የጣሰ መጀመሪያ ራሱና እግሩ ተጣምሮ ታስሮ ሌሊቱን እንዲያድር፣ ሁለተኛ እንዲገረፍ፣ ሦስተኛ ለአንድ ዓመት ወደ ቀዘፋ እንዲላክ ተደንግጓል። ከሠፈሩ ኮብልሎ ወደ አገሬው ሕዝብ የሄደም በሞት ይቀጣል። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል! ለጸሎት የሚጠራው ደወልና ለሥራ የሚጠራው ከበሮ ቅጣታቸው በአንድ መሰላል የተሠራ ነው። ኩባንያው ለሠፋሪው ነፍስ አልተጨነቀም ለማለት አንደፍርም፤ ለጉልበቱም የዚያኑ ያህል መጨነቁን ግን የቅጣቱ ልክ ራሱ ይመሰክራል።

የ«ቅዱሳን» ግዛት

ከቨርጂኒያ በስተሰሜን፣ ኒው ኢንግላንድ በተባለው ምድር የሠፈሩት ግን አመጣጣቸው ሌላ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ፒዩሪታን የሚል ቅጽል የወጣላቸው፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሮም ከተለየች በኋላም ሥርዓቷ አልጠራም እያሉ የሚነቅፉ፣ በዚህም ምክንያት በንጉሡና በጳጳሳቱ የሚሳደዱ ነበሩ። በ1620 ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ የመጡት 102 መንገደኞች ፕሊመዝን መሠረቱ፤ ግማሽ ያህሉም የመጀመሪያውን ብርድ ሳይሻገሩ አለቁ። በ1629 የማሳቹሴትስ ቤይ ኩባንያ ከቀዳማዊ ቻርልስ የመብት ደብዳቤ ተቀበለ። በ1630 ጆን ዊንትሮፕ የተባለ ባለርስትና የሕግ ሰው ይህንኑ ደብዳቤ ይዞ፣ መርከቦቹን አስከትሎ ወደ ቦስተን ወደብ ተሻገረ። እስከ 1640 ድረስ 20,000 ያህል ሰዎች ተከትለውታል።

በ1631 የግዛቱ ጠቅላይ ሸንጎ የመምረጥ መብት ያለው «ነፃ ሰው» የቤተ ክርስቲያን አባል ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ብዙም ሳይቆይ አባል ለመሆን እሑድ እሑድ መገኘት ብቻውን የማይበቃ ሆነ፤ ጸጋ በልቡ እንደሠራ በማኅበረ ምእመናኑ ፊት ቆሞ ማስረዳትና መመርመር ያስፈልግ ነበር። ስለሆነም ግብሩን ሁሉም ይከፍላል፤ ስብከቱንም ሁሉም እንዲሰማ ይገደዳል፤ በአገሩ ጉዳይ ድምፅ የሚሰጡት ግን ከወንዶቹ ከፊሎቹ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ማሳቹሴትስን ካህናት ራሳቸው አልገዙም። ሰባኪ የዳኝነት ሹመት አይይዝም፤ ጋብቻ እንኳ በዳኛ ፊት የሚፈጸም ውል እንጂ የቤተ ክርስቲያን ምሥጢር አልነበረም፤ ፍቺም ይፈቀድ ነበር። ይሁን እንጂ ዳኛው ሲቸግረው ሰባኪውን ያማክራል፤ ሰባኪው ደመወዙን ከሕዝብ ከተሰበሰበ ገንዘብ ይቀበላል፤ ሁለቱም ከአንድ መጽሐፍ ያነባሉ።

«ሕጉ ይጻፍ» ያሉት

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተጠቃሎ የተጻፈ የሕግ መጽሐፍ አልነበረም። ዳኞች መጽሐፍ ቅዱስንና የራሳቸውን ኅሊና እየመዘኑ ይፈርዱ ነበር፤ ዊንትሮፕና ባልደረቦቹም ይህ አሠራር እንዲቀጥል ይሹ ነበር። የየከተማው እንደራሴዎች ግን ከ1635 ጀምሮ ሥጋታቸውን አሰሙ። የክርክራቸው ፍሬ ነገር ልኩ ያልተጻፈ ሥልጣን፣ ያዢው የቱንም ያህል ጻድቅ ቢሆን፣ አደጋ ነው የሚል ነበር። ከብዙ ማመንታት በኋላ፣ ቀድሞ የሕግ ባለሙያ የነበረው ሰባኪ ናትናኤል ዋርድ ያዘጋጀውና 100 ያህል አንቀጾች ያሉት የነፃነቶች ድንጋጌ በ1641 ጸደቀ።

በዚህ ሰነድ በግልጽ የተደነገገ ሕግ ሳይኖር የማንም ሰው ሕይወት፣ አካል ወይም ንብረት እንዳይነካ ተወስኗል። ግርፋት ከ40 እንዳይበልጥ፣ ባል ራሱን ለመከላከል ካልሆነ በቀር ሚስቱን እንዳይመታ፣ ሰው በከብቶቹ ላይ እንኳ እንዳይጨክን ታዟል። ለዚያ ዘመን እነዚህ ቀላል ነገሮች አልነበሩም። ከሰማይ አልዘነቡም፤ በክርክር የተገኙ ናቸው።

ነገር ግን ይኸው ሰነድ 12 የሞት ወንጀሎችን ይዘረዝራል፤ በአብዛኞቹም ጎን የብሉይ ኪዳን ምዕራፍና ቍጥር ተጠቅሷል። ጣዖት ማምለክ፣ ጥንቆላ፣ ፈጣሪን መስደብና ምንዝር ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ1644 ሜሪ ላተም የተባለች፣ ለሽማግሌ ባል የተዳረች የ18 ዓመት ገደማ ወጣት፣ ጄምስ ብሪተን ከተባለ ሰው ጋር በምንዝር ተከስሳ ሁለቱም በሞት ተቀጥተዋል።

አንቀጽ 91 ደግሞ ባርነት እንዳይኖር ብሎ ይጀምርና ወዲያው በር ይከፍታል። በ«ፍትሐዊ ጦርነት» የተማረኩና ራሳቸውን የሸጡ ወይም በሌላ የተሸጡ ባዕዳን ግን ባሪያ ሊሆኑ ይችላሉ ይላል። በእንግሊዝ የሰሜን አሜሪካ ግዛቶች ባርነትን በሕግ ያጸደቀው የመጀመሪያው ሰነድ እንግዲህ ይኸው የ«ነፃነቶች» ድንጋጌ ነው። አንቀጹም ያለ ምክንያት አልተጻፈም። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት ወር 1637፣ የሠፋሪዎቹ ጦር ከአገሬው ተባባሪዎቹ ጋር ሆኖ ሚስቲክ የተባለውን የፔኮት ሕዝብ መንደር ከብቦ አቃጥሏል። ከ400 እስከ 700 የሚገመቱ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት አልቀዋል። ከሞት የተረፉት ብዙዎቹ ለባርነት ተከፋፈሉ፤ ከፊሎቹም በመርከብ ወደ ደሴቶች ተላኩ። በ1638 ዲዛየር የተባለችው መርከብ ከምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ስትመለስ ከጥጥና ከትምባሆ ጋር አፍሪካውያን ባሮችን አምጥታለች።

ከቅዳሜ ጀምበር እስከ እሑድ ጀምበር

ሰንበት የሚገባው ቅዳሜ ጀምበር ስትጠልቅ ነበር። ከዚያች ሰዓት እስከ እሑድ ምሽት ማረስ፣ መሸጥ፣ መጫወትና ያለ በቂ ምክንያት መጓዝ ክልክል ነው። እሑድ ጧትና ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ እሳት በማይነድበት የመሰብሰቢያ ቤት ተቀምጦ ረዥም ስብከት ያዳምጣል። በ1646 በወጣው ሕግ መሠረት የቀረ ሰው በየጊዜው 5 ሽልንግ ይቀጣል። ይህ መቀጮ ቀደም ሲል ለአንድ አናጢ ከተፈቀደው ደመወዝ ጋር ሲነጻጸር የሁለት ቀን ተኩል ድካም ዋጋ ነው። ባለጸጋው 5 ሽልንግ ከኪሱ ያወጣል፤ አናጢው ግን ከልጆቹ አፍ ይነጥቃል።

በመሰብሰቢያው ቤት አቀማመጡም እንደ አመጣጥ አልነበረም። በብዙ ከተሞች ለዚሁ የተመረጡ ሰዎች እንደ ሀብቱ፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ማዕረጉ ለየሰዉ መቀመጫ ይደለድሉ ነበር። የሰው ልጅ ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ኃጢአተኛ ነው የሚለው ስብከት የሚሰማው፣ እንግዲህ፣ በሀብት ተራ በተደረደሩ መቀመጫዎች ላይ ነው።

ሕጉ በበዓልም በመኝታ ቤትም ይገባል። የልደት በዓል በመጽሐፍ አልታዘዘም ተብሎ በ1659 ዕለቱን ከሥራ በመቅረት ወይም በግብዣ ያከበረ 5 ሽልንግ እንዲቀጣ ተወሰነ፤ ክልከላው የተነሣው በ1681 ነው። በኮኔቲከት ሚስትም አገልጋይም የሌለው ወጣት ያለ ከተማው ፈቃድ ብቻውን ቤት ይዞ እንዳይኖር በ1637 ተደነገገ፤ መቀጮውም በሳምንት 20 ሽልንግ ነበር። ከ1670ዎቹ ጀምሮ በማሳቹሴትስ 10 ያህል ቤተሰቦችን የሚከታተል ሹም በየሠፈሩ ተመደበ። ሰንበት የሻረውንና ያለ ፈቃድ መጠጥ የሸጠውን እየተከታተለ ለዳኛ ያመለክታል። ጎረቤትነት ለመረዳዳት ሲውል ሠፈርን ያቆማል፤ ለመሰላለል ሲውል ግን ሠፈር ራሱ እስር ቤት ይሆናል።

በሌላ በኩል ከዚሁ ሥርዓት ጥሩ ፍሬ አልተገኘም ማለት አይቻልም። ሰው ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ ያንብብ ስለተባለ፣ በ1647 በወጣው ሕግ 50 ቤተሰብ ያለው ከተማ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር መምህር እንዲቀጥር፣ 100 ቤተሰብ ያለው ደግሞ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት እንዲከፍት ታዘዘ። ስለነዚህ ሰዎች የሚነገረው ክፉ ነገርም ሁሉ እውነት አይደለም። ሳሙኤል ፒተርስ የተባለ ሰባኪ በ1781 ባሳተመው መጽሐፍ እናት በሰንበት ልጇን እንዳትስም የሚከለክል ሕግ በኮኔቲከት ነበረ ብሎ ጽፏል፤ እንዲህ ያለ ሕግ ግን አልነበረም። እውነተኛው መዝገብ በቂ ትምህርት ስለሚሰጥ ተረት መጨመር አያስፈልገውም።

የአናጢው ደመወዝና የነጋዴው ምስማር

የሕጉ ጠባይ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በገበያና በሥራ ቦታ ነው። በአዲሱ ምድር መሬቱ ሰፊ፣ ሠራተኛው ጥቂት ስለነበር አናጢውና ግንበኛው ጥሩ ዋጋ መጠየቅ ችለው ነበር። ዊንትሮፕ በማስታወሻው ላይ፣ ሠራተኞች በአራት ቀን ሥራ የሳምንት መተዳደሪያቸውን ስለሚያገኙ የቀረውን ጊዜ በከንቱ ያሳልፋሉ፣ ገንዘባቸውንም ለትምባሆና ለመጠጥ ያውላሉ እያለ ያማርራል። በ1633 ጠቅላይ ሸንጎው የአናጢ፣ የግንበኛ፣ የእንጨት ሰንጣቂና የመሳሰሉት ባለሙያዎች ደመወዝ፣ ምግባቸውን ራሳቸው ከቻሉ በቀን ከ2 ሽልንግ፣ አሠሪው ካበላቸው ከ14 ፔንስ እንዳይበልጥ ወሰነ። በዚያው ዓመት ጊዜን በሥራ ፈትነት ማሳለፍ የሚያስቀጣ ጥፋት ሆነ። ለሚዛን ያህል፣ ነጋዴም ከእንግሊዝ በሚያስመጣው ዕቃ ላይ በአንድ ሽልንግ፣ ማለትም በ12 ፔንስ፣ ከ4 ፔንስ በላይ እንዳያተርፍ ታዘዘ።

ሚዛኑ እኩል መሆን አለመሆኑ በ1639 ተፈተነ። ሮበርት ኬይን የተባለ የቦስተን ባለጸጋ ነጋዴ ምስማር፣ ቍልፍና ሌላም ጥቃቅን ዕቃ በሽልንግ ከ6 ፔንስ በላይ፣ አንዳንዱንም በእጥፍ እያተረፈ ይሸጣል ተብሎ ተከሰሰ። ከተራው ሕዝብ የቀረቡት እንደራሴዎች 200 ፓውንድ እንዲቀጣ ጠየቁ፤ ዳኞቹ 100 ይበቃል አሉ፤ በመጨረሻ መቀጮው ወደ 80 ፓውንድ ዝቅ አለ። ቤተ ክርስቲያኑም በምእመናን ፊት ገሠጸው፤ እርሱም በእንባ ጥፋቱን አመነ። ይሁን እንጂ ኬይን ሀብቱንም ሥፍራውንም አላጣም። በ1653 መጻፍ በጀመረው፣ ከ150 ገጽ በላይ በሆነው ኑዛዜው ራሱን ሲከላከል ኖሮ፣ ለቦስተን ማዘጋጃ ቤት ማሠሪያ የሚሆን ገንዘብ ትቶ በ1656 አረፈ። የመቀጮው ክርክር ብቻ እንኳ ሁለት ዓይነት አመለካከት በአንድ ሸንጎ ውስጥ እንደነበረ ያስረዳል። በምስማሩ የሚገነባው ሰው ቅጣቱ እንዲከብድ፣ ከነጋዴው ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀመጠው ግን እንዲቀል ይሻ ነበር።

በ1651 የወጣው የልብስ ሕግ ደግሞ ነገሩን ፍጹም ግልጽ ያደርገዋል። ሀብታቸው 200 ፓውንድ የማይሞላ ሰዎች የወርቅና የብር ጥልፍ፣ የሐር ሻሽና ትልልቅ ቦት ጫማ እንዳያደርጉ ተከለከለ። ሸንጎው ዝቅተኛ ሰዎች የከበርቴ ልብስ መልበሳቸውን እንደሚጸየፍ በሕጉ ውስጥ አሠፈረ። ሐር መልበስ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ለሁሉም ኃጢአት በሆነ ነበር። በ199 ፓውንድ ኃጢአት፣ በ200 ፓውንድ ጌጥ የሚሆነው ሐር ግን ከሃይማኖት ይልቅ የመደብ ልዩነትን ያመለክታል።

ሆኖም ሰፊው ሠራተኛ ሕጉን ተቀብሎ ብቻ አልኖረም። የደመወዙ ገደብ በሠራተኛ እጥረት ምክንያት አልያዘ ብሎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉዳዩ ለየከተማው ተመለሰ። ዊንትሮፕ ራሱ በ1645 የመዘገበው ወግ አለ። በሮውሊ ከተማ አንድ ጌታ ለአገልጋዩ ደመወዝ ለመክፈል ጥንድ በሬውን ከሸጠ በኋላ፣ ከእንግዲህ የምከፍልህ ስለሌለኝ ላሰናብትህ ነው ይለዋል። አገልጋዩም የቀሩትን ከብቶች እየተቀበለ ሊያገለግል እንደሚችል ይነግረዋል። ጌታው ከብቱ ሁሉ ሲያልቅስ ምን ልሆን ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ ያን ጊዜ አንተ እኔን ታገለግልና ከብቶችህን መልሰህ ታገኛለህ አለው ይባላል። ዊንትሮፕ ወጉን የጻፈው በመገረም ነው፤ እኛ ስናነበው ግን የጉልበቱን ዋጋ ያወቀ ሰው ድምፅ እንሰማለን።

ከአጥሩ ውጭ የቀሩት

ራሳቸው ከስደት ሸሽተው የመጡት ሰዎች በተራቸው አሳዳጆች ሆኑ። ሮጀር ዊሊያምስ የተባለው ሰባኪ፣ ዳኛ በሰው ኅሊና ላይ ሥልጣን የለውም፣ ንጉሡም የአገሬውን ሕዝብ መሬት የመስጠት መብት የለውም በማለቱ በ1635 እንዲባረር ተፈረደበት። በ1636 ፕሮቪደንስን ቈረቈረ፤ ያ አካባቢም፣ ሮድ አይላንድ፣ ማንም ስለ እምነቱ የማይከሰስበት ግዛት ሆነ። በዚህም ምክንያት «ዘመኑ እንዲያ ነበር» የሚለው ማመካኛ አያስኬድም፤ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ምድር ሌላ መንገድ ተሞክሮ ሠርቷልና። በቤቷ ሰዎችን ሰብስባ የሰባኪዎቹን ትምህርት ትተች የነበረችው አን ሀቺንሰንም በ1637 ተከስሳ ከግዛቱ ተባረረች።

ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች ላይ የደረሰው ግን ከዚህ የከፋ ነው። ተገረፉ፤ የሦስት ሰዎች ጆሮ ተቈረጠ፤ ከተባረሩ በኋላ ተመልሰው በመገኘታቸው ከ1659 እስከ 1661 አራቱ በቦስተን ተሰቀሉ። ከእነዚህ አንዷ በ1660 የተገደለችው ሜሪ ዳየር ናት።

በ1692 ደግሞ የመሰላለሉ ሥርዓት ራሱን መብላት ጀመረ። በሴለም አካባቢ ሕመም የያዛቸው ልጃገረዶች ጠንቋዮች አሠቃዩን እያሉ ሲጮኹ፣ መጀመሪያ ከተከሰሱት አንዷ ቲቱባ የተባለች ባሪያ ሴት ነበረች። ከ150 በላይ ሰዎች ተከሰሱ፤ 19 ተሰቀሉ፤ 80 ዓመት ገደማ የሆነው ጃይልስ ኮሪ የእምነት ክሕደት ቃሉን አልሰጥም በማለቱ ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ፤ ቢያንስ አምስት ሰዎች በእስር ቤት አለፉ። ጥፋተኛ ነኝ ያለ ዳነ፤ ንጹሕ ነኝ ብሎ የጸና ተሰቀለ። በ1697 ግዛቱ የጸሎትና የጾም ቀን አወጀ፤ ከፈረዱት ዳኞች አንዱ ሳሙኤል ሲዎል በማኅበረ ምእመናኑ ፊት ቆሞ ጥፋቱን አመነ። ከተፈረደባቸው መካከል የመጨረሻዋ ሴት ስሟ በሕግ የጠራው ግን በ2022 ነው። የአንድ ወቅት የተሳሳተ ፍርድ ለመታረም ከ300 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በ1684 የማሳቹሴትስ የቀድሞው የመብት ደብዳቤ ተሰረዘ። በ1691 በተሰጠው አዲስ ደብዳቤ የመምረጥ መብት በቤተ ክርስቲያን አባልነት መሆኑ ቀርቶ በንብረት መጠን እንዲሆን ተደረገ። በሩ ተለወጠ እንጂ ደጁ አልተለወጠም። ትናንት «ጸጋ የለህም» ተብሎ ከሸንጎ የቀረ ድሃ፣ ዛሬ «ንብረት የለህም» ተብሎ ቀረ። ይህ አንድ ለውጥ ብቻውን፣ በሃይማኖት ቃል ይነገር የነበረው ምን ያህሉ የሀብት ቃል እንደነበረ ይገልጣል።

ከዚህ በላይ ለመግለጽ እንደሞከርነው፣ የሠፋሪዎቹ እምነት ሁሉ ሽፋን ነበር ማለታችን አይደለም። ብዙዎቹ በእውነት ያምኑ ነበር፤ ስላመኑም ባሕር ተሻግረዋል፣ በብርድም አልቀዋል። ማለት የፈለግነው፣ እምነት የሰው ኅሊና ሆኖ ሲኖር አንድ ነገር ነው፤ በዳኛ እጅ ገብቶ ጅራፍ፣ መቀጮና ገመድ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ሕጉ የሰማዩን ስም ይዞ የምድሩን ሥራ ይሠራል። የአናጢውን ደመወዝ ይወስናል፤ የድሃዋን ሻሽ ይገፍፋል፤ የፔኮቱን ልጅ ይሸጣል።

በዚያ ሁሉ ውስጥ ጸንቶ የቆየውና ለሚቀጥለው ትውልድ የተላለፈው በጎ ነገር፣ ተራ ሰዎች ጠይቀው ያገኙት ነው። ሕጉ ይጻፍ ያሉት እንደራሴዎች፣ ኅሊና አይዳኝም ያለው ስደተኛ፣ ሐሰት ተናግራ ከምትድን እውነት ይዛ መሰቀልን የመረጠችው የሴለም እናት፣ የጉልበቱን ዋጋ ያወቀው የሮውሊው አገልጋይ ናቸው ይህን ያቈዩልን። ስለሆነም ማንኛውም ሕግ በፊታችን ሲነበብ፣ በማን ስም ወጣ ከሚለው ጋር ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባል። ማን ጻፈው? ማንን ያሥራል? ማንንስ ይለቃል? እነዚህን ለመጠየቅ ያልተፈቀደበት ሠፈር፣ ደወሉ የቱንም ያህል ጥዑም ቢሆን፣ ከበሮው ከኋላ አይቀርም።